ጥያቄ ቁጥር 3

ቆይ ግን፣ መርካቶን ለማሻሻል ተብሎ ታብሌት ይዘን ሱቅ ለሱቅ የምንሞላውን ይሄን መጠይቅ ያዘጋጀው ሰው መርካቶ ገብቶ ያውቃል? ለበዓል በርበሬ ሊገዛ እንኳ?

ጥያቄ 1 የንግድ ዘርፍ። ጥያቄ 2 የሱቁ ስፋት በካሬ። ጥያቄ 3፦ «አማካይ የቀን ሽያጭዎ ስንት ብር ነው?» በሦስተኛው! ጥናቱ የመጣበት ነገር፣ ቦዩ፣ መጸዳጃው፣ መብራቱ፣ የጭነት ማራገፊያው፣ ሁሉም ከ20 በኋላ ነው የተደረደረው። እስከ 20 የሚታገስህ ነጋዴ ካገኘህ ንገረኝ።

የዛሬውን ስሙት። ቅመም ተራ፣ ሰውየው ኮረሪማ እየለቀመ ነው።

«ጋሼ፣ አካባቢውን ለማሻሻል አጭር ጥናት ነበር።»
«ቀጥል።»
«አማካይ የቀን ሽያጭዎ ስንት ነው?»
እጁ ቆመ። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አንተስ፣ ደሞዝህ ስንት ነው?»
ዝም።
«ደሞዝህን ነው የጠየቅሁህ እኮ።»
«ጋሼ፣ እሱ ከጥናቱ ጋር...»
«አየህ? በል ጻፍ፤ ሁለቱም አልተናገሩም ብለህ ጻፍ።» ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ፣ «የግምት ልጆች መጥተዋል!»

መደዳው በሙሉ ሳቀብኝ። ሁለቱ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አደረጉ። ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ደግሞ «ወንድም፣ ወይ ግዛ ወይ መንገድ ልቀቅ» ብሎ ገፍቶኝ አለፈ። ልክ ነው እሱም፣ መንገድ ዘግቻለሁ።

ደግሞስ ይፈረድባቸዋል? በ2009 የግብር ገማቾች ልክ እንደኔ ሱቅ ለሱቅ ዞረው የቀን ገቢ ጠየቁ፤ ሐምሌ ላይ ግምቱ ሲወጣ ስንቱ ነው ሱቁን የዘጋው። በ2017 ኅዳር በደረሰኝ ቁጥጥሩ ሰሞን መርካቶ ምን እንደነበረች አይታችኋል። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህማ መለኪያ ይዞ የገባ ሁሉ አፍራሽ ነው። የሌዘር ሜትሯ ቀይ ነጥብ ግድግዳው ላይ ስታርፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የምንነሳው?» ነው። መልሱን እኔም አላውቅም!

ከቦዩ ብትጀምሩ ምን ነበረበት? «ክረምት ውሃ ይገባል? እስከ የት?» በለው፤ ተነስቶ ግድግዳው ላይ በእጁ ያሳይሃል። ከዚያ ዕቃው በስንት ሰዓት ይገባል፣ አይሱዙው የት ይቆማል፣ ከዚያ እስከ ሱቁ ለወዛደር በኩንታል ስንት ይከፈላል፣ በሳምንት ስንት ኩንታል ይገባል? ሽያጩን ሳትጠይቅ ገመትከው እኮ! የግድ ብሩን ከፈለግህም መጨረሻ ላይ፣ «ከዚህ እስከዚህ ብር» የተጻፈበት ካርድ አሳይተህ በጣቱ ያመልክት። ስም የለ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለ።

የባለሱቆቹ ዝርዝርስ? ከንግድ ፈቃድ መዝገብ የተገለበጠ። ፈቃዱ አሜሪካ ባለ ሰው ስም ነው፤ ሱቁን ተከራይ ይዞታል፤ ተከራዩ ቆጡን ለሌላ አከራይቷል፤ ደፉ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ደባል አለ። «የሱቁ ባለቤት ነዎት?» ስትል ወይ ሁሉም ናቸው ወይ ማንም አይደለም። ቦይ ሲቆፈር ቀድሞ የሚነሳው ባለካልሲ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ደሞ የናሙናው ብዛት፣ 384 ሰው! የአዲስ አበባ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ 384 ነው፤ እኛም 384። ለመርካቶ በጥቅሉ ከሆነ እሺ፣ ስህተቱ 5 ከመቶ ነው። ለ12 ተራ ሲካፈል ግን 32 ይደርሳቸዋል፣ ስህተቱም ወደ 17 ያሻቅባል። ከዚያ «የሸራ ተራ ነጋዴ ግማሹ መብራት ይፈልጋል» ብለህ ሪፖርት ጻፍ። ሲሶው ይሁን ሁለት ሦስተኛው በምን ታውቃለህ?

«በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ» የሚለውንማ ተዉት። አንዷ እናት «ልጄ፣ በሁሉም እስማማለሁ፣ ብቻ ከፊቴ ዞር በልልኝ» ብለውኛል። ሞላሁት።

ቆርቆሮ ሥር ጂፒኤሱ ሃያ ሜትር ስቶ ሱቁን ማዶ ያስቀምጠዋል፣ ቢሮ ያለችው ልጅ ደግሞ «ቦታው ላይ አልነበርክም» ብላ ትመልስብኛለች። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር መጻፊያ ሳጥን አድርጉ ብለን ለመንን፤ ማን ሰምቶ!

በ2017 ጥቅምት ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪና ምን ያህል ፈተና እንደነበር አገር ያውቃል። መጠይቁ ላይ የመተላለፊያ ስፋት አለ፣ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ለኩ ይላል። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ዕቃ ወጥቶ፣ ጋሪ ቆሞ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ በጠባቡ በኩል ነው መለካት ያለበት እንጂ! 6 ሜትር ብለህ የጻፍከው ያኔ 2 ሜትር ነው። በአንድ ቆጣሪ ስንት ሱቅ ተቀጥሏል የሚል ጥያቄ ደግሞ የለም። የለም!

ጥያቄ 3 ግን ተቆልፏል። ሳይሞላ ታብሌቱ አያሳልፍም። ስለዚህ የደከመው ልጅ ሁሉ 1000 እየሞላ ያልፋል፤ ነገ በቀለም ያሸበረቀ ግራፍ ሆኖ «የመርካቶ ነጋዴ አማካይ የቀን ሽያጭ» ተብሎ አዳራሽ ውስጥ ይቀርብና ይጨበጨብለታል።

አሁን ደግሞ በቴሌግራም መልእክት ደረሰን፦ «ተዘግቷል» የተባሉትን ሱቆች ነገ ተመልሳችሁ ሙሉ። ነገ እኮ ቅዳሜ ነው! መርካቶ፣ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ታብሌት ይዘህ ሽያጭ ስትጠይቅ! ማክሰኞ ጠዋት ይሁን አልን። «ዕቅዱ ውስጥ የለም» ተባልን።