አይጧን የቀበሩልን ጀግኖች

በቴሌግራምና በቲክቶክ ሳይንስ የሚያስተምሩን ወንድሞቻችን እስካሁን አንድ እንኳ አመስጋኝ ማጣታቸው ያንገበግበኛል። ድሮ አንድ ነገር ሳይንስ ለመባል ስንት ደጅ ይጠና ነበር! ዛሬ «ናሳ አረጋገጠ» ብሎ መጀመር ይበቃል። ምስኪን ናሳ፣ ጨረቃን ትቶ ስለ ፌጦ ሲያረጋግጥልን ይውላል።

የሰፈራችን ልጅ ከእነዚህ ባለውለታዎች አንዱ ነው። ባለፈው ጎራ ብል ሲቀርጽ ደረስኩ። የለበሰው ነጭ ጋወን የአጎቱ ነው፤ አጎቱ ሥጋ ቤት አላቸው። እጅጌው ላይ ያለችው ቀይ ነጠብጣብ ካሜራ ውስጥ እንዳትገባ በጎኑ ቆሟል። የሚያስበረግግ ሙዚቃ ከፍቶ፣ «ተመራማሪዎችን ጉድ ያሰኘው ቅጠል! ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል!» አለ።

ሲጨርስ ጥናቱን አሳየኝ አልኩት። ስልኩን ሰጠኝ። ጽሑፉ በአይጦች ላይ ስለተደረገ ሙከራ ነው የሚያወራው፤ መደምደሚያው ላይም «ሊያግዝ ይችላል» ይላል።

«አይጦቹስ የት ሄዱ?»

«ጋሼ፣ ተመልካች አይጥ አይወድም።»

እውነቱን ነው፣ ማን ይወዳል? «ሊያግዝ ይችላል»ን ያህል የተንዛዛ ነገር «ይነቅላል» ብሎ ማሳጠርም ሙያ ነው። ደግሞ ምንጭ የለውም እንዳትሉት፦ ሌላ ቻናል ጠቅሷል። ያ ቻናል በበኩሉ የጠቀሰው እሱኑ ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባል ነበር፤ አሁን አይጧም ስለተቀበረች ድንቢጥ ለድንቢጥ ይመሰክራሉ።

በዚህ ዓይን ሳየው ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እዚያው ወንዙ ዳር ቆሞ «ሼር አድርጉ» ማለት ሲችል ሰውዬው ላቦራቶሪ ገባ! መጠኑን ለካ፣ ደገመ፣ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ደከመ። ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። 25 ዓመት! የኛ ልጅ ቢሆን በ25 ደቂቃ «እንዶድ ጠጥተው ቢልሃርዚያን ይሰናበቱ» ብሎ ይለቀው ነበር። እንዶዱ መርዝ መሆኑን፣ የሚገድለውም ቀንድ አውጣውን መሆኑን? ቀንድ አውጣውን ከአይጧ ጎን ይቀብረዋል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባማ ውለታቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ሐኪሞቹ «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» እያሉ ሲያሰለቹን፣ እነሱ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስጨብጠውን ቤታችንን በጠረን ሞሉት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ልሰናበተው ስነሳ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እቅፍ ቅጠል ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ዶክተሬ፣ ይሄ ቅጠል ከምግብ በፊት ነው በኋላ? የሐኪም ቤቱን ኪኒን ትላንት አቁሜዋለሁ።»

ልጁ ጋወኑን አስተካከለ፤ ባለነጠብጣቡን እጅጌ ወደ ኋላው ደበቀ።

«እማማ፣ ኮመንት ላይ ይጻፉልኝ፤ ሁሉንም እመልሳለሁ።»