ማስተካከያ፦ የተቀዳ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ስለ መቀየር
በስልክ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ በጂቦርድ (የጉግል የስልክ መጻፊያ ሰሌዳ) የማይክሮፎን ምልክት በኩል በቀጥታ ወደ አማርኛ ጽሑፍ ይቀየራል ተብሎ ቀደም ሲል የተገለጸው ትክክል አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን የጨመረበት ይህ አገልግሎት የሚጽፈው በዚያው ሰዓት በማይክሮፎኑ ፊት የሚነገረውን እንጂ፣ አስቀድሞ የተቀመጠን የድምፅ ፋይል ከፍቶ አያዳምጥም። ለተቀዳ ፋይል የሚያገለግለው እንደ ዊስፐር ያለ ፕሮግራም ነው፤ ኦፕንኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በነፃ የለቀቀው ይህ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በራስ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ የሰው ምስጢር ለያዘ የድምፅ ቅጂ እጅግ ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ ከሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ አብዛኛው እንግሊዝኛ በመሆኑ በአማርኛ ብዙ ስሕተት ይሠራል፤ በተለይ ስምና ቁጥር ከድምፅ ቅጂው ጋር ሳይመሳከር ለኅትመት ሊውል አይገባም።