«እኛም ጥቁር ነን» ማለት ብቻ አይበቃም

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻ ተሰብስቦ ስለ ዘረኝነት ሲወራ፣ ጨዋታው ወደ ራሳችን ሲዞር የሚመጣው መልስ አንድ ነው። «እኛ ራሳችን ጥቁር ሆነን እንዴት ዘረኛ እንሆናለን?» እኔ በዚህ አልስማማም።

እስቲ የምናደርገውን እንየው። ማታ ሁዲ የለበሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በመኪናችን አጠገብ ሲያልፍ እጃችን በር ለመቆለፍ ይሮጣል። ቤት ልንገዛ ስንል «ሰፈሩ እንዴት ነው?» እንጠይቃለን፤ ምን ማለታችን እንደሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም ያውቀዋል። ሴት ልጅ ፈረንጅ ብታመጣ ቤተሰብ ትንሽ አጉረምርሞ ይቀበላል፣ ጥቁር አሜሪካዊ ስታመጣ ግን ስንት ቤት ነው ለቅሶ ቤት የሚመስለው! ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የማይቀሩ፣ ለተቸገረ የሚያዋጡ ናቸው። አስበውበት ስላልሆነ ነው ነገሩ የሚከብደው። ገና ሳንመጣ ከፊልምና ከዜና የወሰድነው አለ፣ ስለ መልክና ስለ ዘር ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውም አለ።

እኔን በጣም የሚያመኝ ጥቁር አሜሪካውያን የዋሉልን ውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው የመግቢያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ አሠራር እንዲቀር የተወሰነው በ1965 ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን እየተደበደቡና እየታሰሩ ባካሄዱት የመብት ትግል ማግስት። ከዚያም በፊት፣ በ1935 ጣሊያን ሲወረን፣ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ በርሯል። ዘረኞቹ ደግሞ አይለዩንም። ሙሉጌታ ሥራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ በ1988 ፖርትላንድ ውስጥ በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት በጥቁርነቱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቤዝመንት ለማከራየት ሰው ስንመርጥ፣ ታክሲ ስንነዳ እጁን ያነሳውን አልፈን ልንሄድ ስንል፣ እዚያው «ይሄ ሰው ሐበሻ ቢሆን እንዲህ አደርግ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሳያስቡት የሚደረግን ነገር ለመያዝ እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። መልሱ «አይ» ከሆነ መኪናውን ማቆም ነው፣ ቤቱንም ማሳየት ነው።

እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ደግሞ ይሰሙናል። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማቸው የሚያየው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ እነሱም ይህን ያውቃሉ። እራት ላይ «እነዚህ ጥቁሮች» ብለን ስንጀምር ዝም የሚሉት ስላልገባቸው አይደለም።