«ከ180 ቀን በኋላ» ለኢስቶኒያ ነፃነት አይደለም

ናርቫ ከተማ ላይ ወንዙ ጠባብ ነው። በዚህ በኩል የኢስቶኒያ ግንብ፣ ወዲያ ማዶ የሩሲያው የኢቫንጎሮድ ምሽግ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1492 ጀምሮ እንደተፋጠጡ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ድልድይ ከ2024 ወዲህ መኪና አያሳልፍም። ሰው ግን ሻንጣውን እየጎተተ በእግሩ ይሻገራል። አብዛኛው የናርቫ ነዋሪ ሩሲያኛ ተናጋሪ ነው። ብዙው ማዶ ዘመድ አለው፣ ማዶ የአያት መቃብር አለው።

በዚያው በ2024 ግንቦት ላይ የሩሲያ ድንበር ጠባቂዎች በሌሊት መጡ። ኢስቶኒያ የጀልባ መስመር ለማመልከት ወንዙ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ተንሳፋፊ ምልክቶች ለቅመው ሄዱ። ከሃያ በላይ ናቸው። ጥይት አልተተኮሰም፤ ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ጎረቤትህ ማታ መጥቶ የአጥርህን ችካል ሲነቅል እንቅልፍ ይወስድሃል?

ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ከአዲስ አበባ በብዙ ታንሳለች። ሰኔ 2022 የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ካያ ካላስ አንድ አስደንጋጭ ነገር ተናገሩ። በኔቶ የጊዜው ዕቅድ መሠረት ጦርነት ቢነሳ አገራቸው መጀመሪያ ትያዛለች፤ ነፃ የምትወጣው ከ180 ቀን በኋላ ነው።

180 ቀን! የዩክሬኗ ከተማ ቡቻ በሩሲያ ጦር እጅ የቆየችው አንድ ወር ገደማ ነው። በዚያች ወር የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ኢስቶኒያውያንም የራሳቸው ትዝታ አላቸው። መጋቢት 1949 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው በከብት ፉርጎ ተጭኖ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የካላስ እናት ያኔ የስድስት ወር ጨቅላ ነበሩ፤ ከእናታቸውና ከአያታቸው ጋር ተጋዙ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሕዝብ ግማሽ ዓመት ማለት መጥፋት ማለት ነው።

«ትንሽ አገር አርፋ ብትቀመጥ ማን ይነካታል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ኢስቶኒያ አርፋ ተቀምጣ አይታዋለች። መስከረም 1939 ሞስኮ ጦር ሰፈር ስጪኝ ስትላት ፈረመች፣ አስገባች። በዓመቱ ሰኔ ላይ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ ተያዘች። የተፈረመ ቃል ብቻውን እንደማያድን ጄኔቫ ላይ በ1928 ዓ.ም. ያየን እኛ፣ ይህ ጭንቀት ሊገባን ይገባል።

ኔቶ ከካላስ ንግግር ወዲህ ቋንቋውን ቀይሯል። በ2022 ማድሪድ ላይ አንዲት ስንዝር መሬት አናስነካም ብሏል። ኢስቶኒያም እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም፤ ከ2026 ጀምሮ ከአገር ውስጥ ምርቷ ከ5 በመቶ በላይ ለመከላከያ ለማዋል ወስናለች። ፈተናው ግን አልቆመም። መስከረም 2025 ሦስት የሩሲያ ሚግ-31 ጄቶች የኢስቶኒያን ሰማይ ጥሰው ገብተው 12 ደቂቃ ቆዩ። ሞስኮ አልገባንም ብላ ካደች።

በእኔ እምነት፣ አሁን መቆጠር ያለበት ቀን ነው። በብሪታንያ የሚመራው የኔቶ ጦር ታፓ በተባለች የኢስቶኒያ ከተማ ሰፍሯል። ከታፓ እስከ ናርቫ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለኢስቶኒያ የተመደበው ተጨማሪ ብርጌድ ደግሞ ያለው ብሪታንያ ነው። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ለንደንን ደጋግማ መጠየቅ ያለባት አንድ ነገር ነው፦ ያ ብርጌድ ተነስቶ ናርቫ እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?