ማስተካከያ፦ ስለ «አምደኛ» የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት «በጋዜጣ ላይ በቋሚነት የሚጽፍ ሰው አምደኛ የተባለው የጋዜጣው ምሰሶ ስለሆነ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሚያነቡ አንድ አባት ጠሩኝ። ገጹን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አሰመሩልኝ። «ልጄ፣ አምዱ ይኸው!»

እውነታቸውን ነው። ዓምድ በግዕዝ ምሰሶ ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። በጋዜጣ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የጽሑፍ ረድፍ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ምሰሶ ይመስላላ! የፈረንጆቹ «ኮለምኒስት»ም ሥሩ «ኮሉምና» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ እሱም ምሰሶ። አምደኛ እንግዲህ ቋሚ አምድ ይዞ በስሙ ሐሳቡን የሚጽፍ ሰው ነው፤ በጋዜጣው ውስጥ ያለው ክብደት ሌላ ጉዳይ ነው።

ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊውንም አምደኛ ብዬው ነበር። እሱም ይታረም፤ ርዕሰ አንቀጽ የጸሐፊው የግል ሐሳብ ሳይሆን የጋዜጣው አቋም ነው።