ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ ትዕግሥቱ ከመደበኛ በታች

የተራራማ አካባቢ የበጋ ትንበያ በወጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ያንኑ ወረቀት ያነባል፣ የሚያገኘው ግን እየራሱን ነው። ሰርግ የደገሰው «ደረቅ ነው ተብሏል» ብሎ ይፎክራል። አማቶቹ ጋ መሄድ ያልፈለገው ደግሞ ከዚያው ወረቀት ላይ ጎርፍና የተዘጋ መንገድ አውጥቶ፣ ድምፁን አሳዝኖ ይደውላል።

ወረቀቱ ሁለቱንም አላለም። ለምሳሌ የሚለው፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 40፣ መደበኛ የመሆን 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆን 25 በመቶ ነው። ይሄን ስታነቡለት ሰውዬው አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጥና «እሺ፣ ቅዳሜስ?» ይላል።

ቅዳሜ እዚያ ውስጥ የለችም። የየዕለቱን አየር ከሁለት ሳምንት ገደማ አሳልፎ በዝርዝር መናገር አይቻልም፤ የወቅት ትንበያ የሚደገፈው ቀስ ብለው በሚለወጡ ነገሮች፣ በተለይ በውቅያኖስ ሙቀት ላይ ነው። ፓስፊክ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና፣ ከዚያ የወቅቱ የሦስት ወር ዝናብ ድምር ወዴት እንደሚያጋድል ይገመታል። ምንም ፍንጭ ከጠፋ ሦስቱም እኩል 33 ከመቶ ይሰጣቸዋል፣ ይህም በጨዋ ቋንቋ «እኛም እንደናንተው ነን» ማለት ነው።

«መደበኛ» የሚባለውም የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ አሁን በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው። የአጎቴ መደበኛ ግን ልጅነቱ ነው። ያኔ ዝናቡ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፣ ፀሐይዋም ሰው ታከብር ነበር።

ተራራው ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምርበታል። ሽቅብ 1000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ነፋስ የሚመታው ጎን አየሩ ሽቅብ ሲገፋ ቀዝቅዞ ዝናቡን ያራግፋል፣ ከጀርባ ያለው ጎን ይደርቃል። የወቅት ትንበያ የሚሠራው ኮምፒውተር ግን ምድርን የሚያያት በአስርት በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች እየቆራረጠ ስለሆነ ሸንተረሩንም ሸለቆውንም አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ቀለም ይቀባቸዋል። ከዚያ ከሸንተረሩ ወዲህ ያለው «ውሸታሞች!» ሲል ወዲያ ማዶ ያለው «እንዴት ያሉ አዋቂዎች ናቸው!» ይላል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ካርታ።

የበጋ ተራራ አመል ደግሞ አይጣል ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሳል፣ ወደ ቀትር አንዲት ነጭ ደመና ብቅ ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ። ለዚህ ነው ተራራ የሚያውቁ ሰዎች ሌሊት ተነስተው ከቀትር በፊት ከጫፉ የሚወርዱት። የኛ ሰው ግን ተኝቶ ያረፍዳል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አምስት ሰዓት ላይ መውጣት ይጀምራል፣ በነጠላ ካናቴራ። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ስልኩን አውጥቶ ያቺን ቢጫ የፀሐይ ምልክት እያሳየ ይከራከራል፣ ለሰማዩ ማስረጃ የሚያቀርብ ይመስል።

በትንበያ መሳለቅ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል ሰው ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1861 በጋዜጣ ለሕዝብ መተንበይ ሲጀምር በሳተ ቁጥር ይሳቅበት ነበር። ያኔ እንኳ የስልክ ምልክት የለም፣ በምን እንደተከራከሩት እንጃ።

የወቅት ትንበያ ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በአንድ በጋ አይደለም። 40 በመቶ ያሉባቸው ዓመታት ሁሉ ተሰብስበው ከመቶው 40 ያህሉ ከሆነላቸው ጎበዞች ናቸው። እስኪ ይሄን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ለሚጨምቅ ሰው አስረዱ። እኔ ሞክሬ «አንተም ከነሱ ጋር ነህ እንዴ?» ተብያለሁ።