ጃኬቱ ከቀበቶው ስር አይሁን

እህቴ፣ «በጠዋት ከአዳማ ወደ አሰላ ስንወጣ ልጄን ወፍራም ጃኬት አልብሼ የልጆች መቀመጫው ላይ አስራታለሁ፤ ይሞቃታል፣ ግጭት ቢመጣም ይከላከልላታል» ብለሻል። ስለ ብርዱ ልክ ነሽ፤ የታኅሣሥ ጠዋት አሰላ ላይ ያንቀጠቅጣል። ስለ ግጭቱ ግን ተሳስተሻል። የጃኬቱ ውፍረት አብዛኛው አየር ነው። መኪናው ሲጋጭ ይጨመቃል፣ ቀበቶው ይላላል፣ ልጅቷ ሾልካ ልትወጣ ትችላለች።

እባክሽ ቤትሽ ሞክሪው። ጃኬቱን አልብሰሽ ቀበቶውን አጥብቂ። ከዚያ ልኩን ሳትነኪ ጃኬቱን አውልቀሽ መልሰሽ እሰሪያት። ክፍተቱን ስታዪ ትደነግጫለሽ።

ስስ ልብስ ደራርቢላት። ትከሻዋ ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣት መቆንጠጥ እስኪያቅትሽ አጥብቂ። ጋቢውን ከቀበቶው በላይ ጣል አድርጊላት፣ ፊቷን ሳትሸፍኚ። መኪናው ሲሞቅ ማንሳት ነው።